መርዶ ያልደረሰው ኮኔክሽን፦ ሰርቨር ላይ የሞቱ መስመሮችን የመለያና የማጽጃ መመሪያ

ክረምት ላይ በደብረ ታቦር ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ነጎድጓዱ ሲነሣ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። ሰርቨሩ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ስላለው አይጠፋም። የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ነው፦ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር፣ የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር፣ በሌላ ወረዳ ያለው ራውተር። መብራቱ ተመልሶ ሁሉም ሲነሣ ሠራተኛው ሲስተሙን ሊከፍት ይሞክራል፤ «ኮኔክሽን ሞልቷል» የሚል መልእክት ይመጣበታል። ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ላየ ሰው ሥራ ላይ ያሉት ሠላሳ ቢሆኑ፣ ክፍት ተብሎ የተመዘገበው ኮኔክሽን ግን መቶ ደርሷል። አንድ ሰው «ሪስታርት አድርጉት» ይላል፤ ይደረጋል፤ ይሠራል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ይደገማል።

ሪስታርት ያቺን ሰዓት ብቻ ያሳልፋል። ሥራ ላይ ያሉትን ሠላሳውንም ያቋርጣል፣ ያልተቀመጠ ሥራ ያስጠፋል፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ማስረጃም ይደመስሳል። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ታካሚ ካርዱ እስኪገኝ ተጨማሪ ሰዓት ወንበር ላይ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩን የኮምፒውተር ክፍሉ የግል ጣጣ አድርጎ መተው አይገባም። ይህን የጻፍኩት ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ፣ ከአዲስ ዘመን እስከ መካነ ኢየሱስ በሆስፒታል፣ በኮሌጅ፣ በቁጠባ ማኅበርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰርቨር ለምትጠብቁ የወንዜ ልጆች ነው። ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ነው ብዬ እነሣለሁ፤ ስለ ዊንዶውስ በቦታው እጠቅሳለሁ። የትእዛዝና የማስተካከያ ስሞችን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

የሞተው ምኑ ነው?

የቲሲፒ ኮኔክሽን በሁለት ኮምፒውተሮች ውስጥ ለየብቻ የተያዘ መዝገብ ነው። የራስ አድራሻና ፖርት፣ የሌላው ወገን አድራሻና ፖርት፣ እስከ ስንተኛው ባይት እንደተላላኩ ይጻፍበታል። ፕሮግራሙ ያንን መዝገብ የሚይዝበት መያዣ ሶኬት ይባላል። ሁለቱ ወገኖች የሚላላኩት ነገር ከሌለ በመስመሩ ላይ አንዲት ፓኬት አትሄድም፤ ለቀናት ዝም ያለ ኮኔክሽን ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በወጉ የሚለያዩ ወገኖች «ፊን» የሚባል የመሰናበቻ ፓኬት ይላላካሉ። ፕሮግራሙ በድንገት ቢዘጋ እንኳ የኮምፒውተሩ ከርነል በስሙ ይሰናበትለታል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ኮምፒውተር ግን የሚሰናበትለት የለውም። ለሰርቨሩ ይህ መርዶ ያልደረሰው ሞት ነው፤ ሰውየው አለ ብሎ ቦታውን፣ ራሙንና የዳታቤዝ ድርሻውን ጠብቆለት ይቀመጣል።

ሌላው መንገድ ራውተሩ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ የውጭ አድራሻ ሲወጡ፣ የትኛው ፓኬት የማን እንደሆነ ራውተሩ በሰንጠረዥ ይይዛል፤ አሠራሩ ኤንኤቲ ይባላል። ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ ኮኔክሽን ከሰንጠረዡ ይሰረዛል፤ ስረዛው ለሁለቱም ወገን አይነገርም። የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው አርኤፍሲ 5382 ራውተር ክፍት ኮኔክሽንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰርዝ አዟል። በተግባር በጥቂት ደቂቃ የሚሰርዙ ራውተሮችና የሞባይል ኔትወርኮች አሉ። በሲም ካርድ ከወረዳ የሚገናኝ ቢሮ ካላችሁ ይህኛው ከመብራቱ ባልተናነሰ ይመለከታችኋል።

ሦስተኛው መንገድ የራሳችሁ ፕሮግራም ነው፤ ደንበኛው በወጉ ተሰናብቶ ሄዶ ፕሮግራሙ መዝጋት ሲረሳ። ይህ የኔትወርክ ችግር አይደለም፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ገደቡ ሲሞላ ነው። ፖስትግሬስ ካልተቀየረ በስተቀር 100 ኮኔክሽን ይቀበላል፤ ማይኤስኪውኤል 151። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚይዘው የፋይልና የሶኬት ቁጥር ሲነሣ 1024 ነው። «ገደቡን ወደ 500 እናሳድገው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። አልመክረውም። በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ ቁጥሩን ማሳደግ ለሞቱት ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት ይሆናል፣ ራሙንም ይጨርሳል።

ወደ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የሠራተኛው ኮምፒውተር ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ ነው የሚገናኘው ወይስ በዌብ በኩል? ጤና ሚኒስቴር ለመደበኛ የጤና ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ዓይነት የዌብ ሲስተም ዳታቤዙን የሚያነጋግረው ራሱ ነው፤ ተጠቃሚው ቢጠፋ የሚንጠለጠለው የዌብ ሰርቨሩ ኮኔክሽን ነው፣ እሱም ቶሎ ይዘጋል። በየኮምፒውተሩ ተጭኖ በቀጥታ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባ የቆየ ፕሮግራም ግን አንድ መብራት በጠፋ ቁጥር የዳታቤዝ ቦታ ይዞ ይሄዳል። ከታች የምላችሁ ሁሉ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ በቀጥታ ለሚገናኘው ግን ግዴታ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ሳትነኩ መዝግቡ

ተርሚናል ላይ «ኤስኤስ» የሚባለውን ትእዛዝ ክፈቱ፤ ሁለት የኤስ ፊደል ነው። ከኋላው ሰረዝ አድርጋችሁ አምስት ፊደሎች ጨምሩ፦ ቲ ለቲሲፒ፣ ኤ ለሁሉም ሁኔታ፣ ኤን አድራሻውን በቁጥር ለማየት፣ ኦ ለሰዓት ቆጣሪው፣ ፒ ለፕሮግራሙ ስም። እንደ ሩት ካልገባችሁ የሌሎች ተጠቃሚዎች ፕሮግራም ስም አይታያችሁም። ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩት። አምስት አምስት ደቂቃ እየቆያችሁ ሁለቴ ሦስቴ ድገሙት፤ አንድ ቅጽበት ብቻ ካያችሁ የሚንቀሳቀሰውን ከማይንቀሳቀሰው አትለዩም።

ከዚያ ስልክ አንሡና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከንፋስ መውጫ የሚመልስላችሁ ሠራተኛ «አራት ሰዓት ላይ» ይላችኋል፤ ቀኑን ነው። የሰርቨሩ ሎግ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተስተካከለ ያው ቅጽበት 10፡00 ተብሎ ተጽፏል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ከቀረ ደግሞ 07፡00 ነው። ስለዚህ ከሎጉ ላይ እንደ ሁኔታው ስድስት ወይም ሦስት ሰዓት ቀንሳችሁ አስተያዩ። ሎጋችሁ በየትኛው ሰዓት እንደሚጽፍ ዛሬውኑ አረጋግጡ፤ በችግር ሰዓት የሚጣራ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሁኔታውን አንብቡ

ከዝርዝሩ መጀመሪያ ያለው ዓምድ የኮኔክሽኑን ሁኔታ ይናገራል። ምርመራው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

«ኤስታብ» የሚለው ክፍት ማለት ነው። በሕይወት ያለውም የሞተውም እዚህ ተቀላቅለው ይገኛሉ። የመስመሩን መጨረሻ ተመልከቱ፦ «ታይመር፣ ኪፕአላይቭ» የሚልና የቀረ ጊዜ የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ጊዜው ሲደርስ ሰርቨሩ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው። በአንድ ስራ ፈት ኮኔክሽን ላይ ታይመር የሚል ነገር ጨርሶ ከሌለ ማንም አይጠይቅም፤ ያ ኮኔክሽን ከሞተ ሰርቨሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ሊቀመጥ ይችላል። በመቀጠል በትእዛዙ ላይ የአይ ፊደል ጨምሩና «ላስት አርሲቪ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ከዚያ ወገን የመጨረሻው ፓኬት ከመጣ ምን ያህል እንደቆየ በሚሊሰከንድ ይናገራል፤ 3,600,000 ማለት አንድ ሰዓት ነው። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም ብለናል። ከአንድ ኮምፒውተር አንድ የቆየና አንድ አዲስ ኮኔክሽን ካገኛችሁ፣ የቆየው ዝምታ የጀመረበት ሰዓትም መብራቱ ከጠፋበት ሰዓት ጋር ከገጠመ፣ ያኔ ፍርዱ ቀላል ነው።

«ክሎዝ ዌይት» ሌላኛው ወገን ተሰናብቶ ሰርቨራችሁ ላይ ያለው ፕሮግራም አልዘጋም ማለት ነው። ከርነሉ ለዚህ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ወይም እስኪሞት ይቆያል። አንድ ሁለት ቢታዩ አትጨነቁ። በየአምስት ደቂቃው ቁጥራቸው እየጨመረ ከሄደ ግን ፕሮግራሙ ቀዳዳ አለበት፤ የፒ ፊደል ያመጣላችሁን የፕሮሰስ ቁጥር ይዛችሁ ወደ ጸሐፊው ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ያለው በስህተት መንገድ ላይ ነው፦ ነገሩ በሰላም ሲያልቅ ይዘጋል፣ መካከል ላይ ሲሰናከል ግን መዝጊያው መስመር ሳይደረስ ይታለፋል። በጃቫ «ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ»፣ በፓይተን «ዊዝ»፣ በጎ «ዲፈር» የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ከታች የምናየው ኪፕአላይቭ ይህንን በሽታ አያድንም።

«ታይም ዌይት» በብዛት ቢታይም ተዉት። በወጉ የተዘጋ ኮኔክሽን፣ የዘገየ ፓኬት መጥቶ አዲሱን እንዳያምታታ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይበት ሁኔታ ነው፤ ሊኑክስ ላይ 60 ሰከንድ ነው። ዛሬም ድረስ በሚዞሩ የቆዩ ምክሮች ውስጥ «ቲሲፒ ቲደብሊው ሪሳይክል» የሚባለውን አብሩ የሚል ታገኛላችሁ። በአንድ የውጭ አድራሻ ተሸፍነው ከሚመጡ ኮምፒውተሮች የከፊሎቹን ኮኔክሽን ዝም ብሎ ይጥል ስለነበር በ2017 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 4.12 ጀምሮ ተወግዷል። መላ ቢሮው በአንድ ራውተር በሚወጣበት አገር ያ ምክር ምን ያህል ሰው እንዳንገላታ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የዛሬዎቹን በጥንቃቄ አስወጡ

ዳታቤዙ ስለሞላ እናንተም መግባት የሚያቅታችሁ እንዳይመስላችሁ። ፖስትግሬስ ለሱፐር ተጠቃሚ 3 ቦታ አስቀድሞ ይይዛል፤ ማይኤስኪውኤልም ለአስተዳዳሪ ከገደቡ በላይ አንድ ተጨማሪ ይፈቅዳል። ይህ የሚሠራው ሲስተማችሁ ራሱ በአስተዳዳሪ ስም የማይገባ ከሆነ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በሱፐር ተጠቃሚ ስም እየገባ ከሆነ የመጨረሻዋን በር እሱው ይዘጋዋል፤ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ያንን አስተካክሉ።

በፖስትግሬስ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የተባለውን ሰንጠረዥ ጠይቁ። የደንበኛውን አድራሻ፣ ሁኔታውንና ሁኔታው የተቀየረበትን ሰዓት ያሳያችኋል። «አይድል» ያለው ስራ ፈትቶ ተቀምጧል። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ያለው የባሰ ነው፤ ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ የቀረ ስለሆነ የያዘው ቁልፍ ሌላውን ያግዳል። የምታስወጡት «ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ» በሚባለው ተግባር የፕሮሰሱን ቁጥር ሰጥታችሁ ነው። የፖስትግሬስን ፕሮሰስ ከተርሚናል በ«ኪል ሰረዝ 9» ፈጽሞ አትግደሉ፤ ዋናው ፕሮሰስ የጋራ ማስታወሻው ተበላሽቷል ብሎ ስለሚጠረጥር የሁሉንም ሰው ኮኔክሽን አቋርጦ ራሱን እንደገና ያስነሣል። በማይኤስኪውኤል «ሾው ፕሮሰስሊስት» ብላችሁ ታያላችሁ፣ «ኪል» ብላችሁ ቁጥሩን ትሰጣላችሁ።

ለሌሎች ፕሮግራሞች «ኤስኤስ» ራሱ በትልቁ ኬ ፊደል ኮኔክሽን መዝጋት ይችላል፤ ከርነሉ እንዲፈቅድ ሆኖ ከተሠራ። በዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ፦ መጀመሪያ ያለ ኬ፣ የምትፈልጉትን አድራሻና ፖርት ብቻ በማጣሪያ አሳዩ፤ የወጣውን ዝርዝር አንብቡ፤ ከዚያ ብቻ ኬን ጨምሩ። ማጣሪያ ሳይኖር ከተሰጠ የራሳችሁን የኤስኤስኤች መስመር ጨምሮ ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል።

አራተኛ እርምጃ፦ ሰርቨሩ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉ

ዋናው መፍትሔ ይህ ነው። ኪፕአላይቭ ማለት ኮኔክሽኑ ዝም ሲል ከርነሉ ባዶ ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅበት አሠራር ነው። መልስ ከመጣ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በዚያው አድራሻ ተመልሶ ከተነሣ «እንዲህ ያለ ኮኔክሽን አላውቅም» የሚል መልስ ይመጣል፣ ወዲያው ይዘጋል። ምንም መልስ ከሌለ ደጋግሞ ጠይቆ ይዘጋዋል።

ሊኑክስ ሲጫን የሚመጣው ቁጥር ይህ ነው፦ ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ መጠየቅ ይጀምራል፣ በየ75 ሰከንዱ ይደግማል፣ 9 ጊዜ መልስ ካጣ ይዘጋል። ሲደመር 7875 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ዊንዶውስ ሰርቨርም መነሻው 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩ የተወሰደው በ1989 እ.ኤ.አ. ከወጣው አርኤፍሲ 1122 ነው፤ ሰነዱ ኪፕአላይቭ ካልተጠየቀ ጠፍቶ እንዲቆይ፣ ሲበራም መነሻው ከ2 ሰዓት እንዳያንስ ያዛል። ምክንያቱም ተጽፏል፦ መስመር ለአፍታ ሲቋረጥ ጤነኛ ኮኔክሽን ሊገድል ይችላል፣ የመስመር አቅም ይበላል፣ በፓኬት ለሚከፍል ሰውም ወጪ ነው። የዛሬ ወጪውን እናስላ። አንዷ ጥያቄና መልሷ ወደ 100 ባይት ናቸው፤ በየሁለት ደቂቃው ብትላክ በቀን 75 ኪሎባይት አካባቢ ትሆናለች። አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ይበልጣል። የወጪው ክርክር አልቋል፤ «ጤነኛውን እንዳትገድሉ» የሚለው ግን ለእኛ መስመር ዛሬም እውነት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን በጣም አታሳጥሩት። እኔ የምመክረው የዝምታው ጊዜ 120 ሰከንድ፣ መደጋገሚያው 30 ሰከንድ፣ የጥያቄው ብዛት 6 ነው። ዝምታው ከጀመረ በ5 ደቂቃ ሙት ይለያል። መስመሩ ለሁለት ደቂቃ ተቋርጦ የሚመለስ ከሆነ ግን በባትሪ የሚሠራው ላፕቶፕ ኮኔክሽኑን አያጣም። ሁለቱ ደቂቃ በራውተሩ ሰንጠረዥ ላይም ኮኔክሽኑን ሕያው ለማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሦስቱ ማስተካከያዎች «ቲሲፒ ኪፕአላይቭ ታይም»፣ «ቲሲፒ ኪፕአላይቭ ኢንትቪኤል» እና «ቲሲፒ ኪፕአላይቭ ፕሮብስ» ይባላሉ፤ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ አለ። በ«ሲስሲቲኤል» ትእዛዝ ይቀየራሉ። ሰርቨሩ ሲነሣ እንዳይጠፉ በኢቲሲ ውስጥ «ሲስሲቲኤል ነጥብ ዲ» በሚባለው ማህደር በፋይል አስቀምጧቸው። ሰዎች የሚሳሳቱባቸውን ልንገራችሁ። እነዚህ ቁጥሮች ኪፕአላይቭን አያበሩም፤ የበራለትን ብቻ ያፋጥናሉ። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኤስኤች ራሳቸው ያበሩታል፤ ኤንጂንኤክስ በ«ሊስን» መስመሩ ላይ ካልጻፋችሁለት አያበራም፤ በቤት የተጻፈ ፕሮግራም ደግሞ ጸሐፊው «ኤስኦ ኪፕአላይቭ» ብሎ መጠየቅ አለበት። በቀድሞው ቁጥር ቆጠራ የተጀመረለት ኮኔክሽን ያንኑ ጨርሶ ነው ወደ አዲሱ ቁጥር የሚያልፈው። በዶከር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም የራሱ የኔትወርክ ክፍል ስላለው የዋናውን ማሽን ማስተካከያ አይወርስም፤ ለኮንቴይነሩ ለብቻ ይሰጠዋል። የሚነካው ፖስትግሬስ ብቻ ከሆነ የማሽኑን ሁሉ ከመቀየር በራሱ ኮንፊግ ውስጥ ያሉትን ተመሳሳይ ሦስት መስመሮች መጠቀም ይሻላል።

አንድ ነገር ኪፕአላይቭ አይሸፍንም፦ ሰርቨሩ ዳታ ልኮ መልስ እየጠበቀ ሳለ ደንበኛው ከጠፋ። ያኔ የሚሠራው የድጋሚ መላኪያው ቆጣሪ ነው፤ «ቲሲፒ ሪትራይስ 2» በሚባለው፣ ሲመጣ 15 በሆነው ቁጥር ይወሰናል፣ ተስፋ እስኪቆርጥም 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ረጅም ሪፖርት እያወረደ መብራት የጠፋበት ሰው የሚተወው እንዲህ ያለውን ነው። ፕሮግራሙን የምትጽፉት ራሳችሁ ከሆናችሁ «ቲሲፒ ዩዘር ታይምአውት» የሚለውን በሶኬቱ ላይ በማድረግ ወደ 5 ደቂቃ አውርዱት።

አምስተኛ እርምጃ፦ በየደረጃው ያለውን ጊዜ አስማሙ

ኪፕአላይቭ የሚያረጋግጠው የዚያኛው ማሽን ከርነል መኖሩን ነው። ፕሮግራሙ ደንዝዞ ቢቀር ከርነሉ ስለ እሱ ይመልስለታል። መካከል ላይ ፕሮክሲ ካለም ጥያቄው እስከ ፕሮክሲው ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ክፍት የሚቆይ መስመር ያለው ሲስተም በፕሮግራሙ ደረጃም «አለህ?» «አለሁ» መባባል አለበት። ዌብሶኬት ለዚህ «ፒንግ» እና «ፖንግ» አለው። ኤንጂንኤክስ ፕሮክሲ ሲሆን ለ60 ሰከንድ ከኋላው ምንም ካልመጣለት ስለሚዘጋ ፒንጉ ከ60 በታች ይሁን፤ 30 ጥሩ ነው።

በዳታቤዙ በኩል የማይኤስኪውኤል «ዌይት ታይምአውት» ሲመጣ 28800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው፤ አንድ የሥራ ቀን ሙሉ። ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ይዞ በየተራ በሚያድል ፑል የሚሠራ ሲስተም ከሆነ ወደ 30 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። በፖስትግሬስ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት» ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ 5 ደቂቃ ስጡት። ከ14ኛው እትም ጀምሮ ያለውን «ክላየንት ኮኔክሽን ቼክ ኢንተርቫል» ካበራችሁት ደግሞ ረጅም ጥያቄ እያስላ ሳለ ባለቤቱ የሄደበትን መካከል ላይ ያቆመዋል፤ የወር መጨረሻ ሪፖርት ሰርቨሩን ለሚያስጨንቅበት ቢሮ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፑል ያለው ሲስተም፣ ለምሳሌ በጃቫ የተጻፈ፣ አንድ ሕግ ይከተል፦ ፑሉ ኮኔክሽኑን የሚያድስበት ጊዜ ከዳታቤዙና ከመካከሉ ፋየርዎል ጊዜ ማነስ አለበት። ሂካሪ የሚባለው ፑል ሲመጣ በ30 ደቂቃ ያድሳል። ዳታቤዙን 30 ላይ ካደረጋችሁ ፑሉን 25 አድርጉት። ካልሆነ ዳታቤዙ የዘጋውን ኮኔክሽን ፑሉ ሕያው መስሎት ለተጠቃሚ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ ሲከፍት ብቻ የሚያጋጥመው፣ ሲደግመው የሚጠፋው ስህተት ብዙ ጊዜ ምንጩ ይሄ ነው።

ለኤስኤስኤች «ክላየንት አላይቭ ኢንተርቫል» 60፣ «ክላየንት አላይቭ ካውንት ማክስ» 3 አድርጉ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሁሉም አንድ ጊዜ ሲመለስ

የሞተውን ማጽዳት ግማሹ ነው። መስመር ሲመለስ ደንበኞች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንዲህ ካለ ረጅም መቋረጥ በኋላ ብቻ ሳይሆን የአንድ ከተማ መብራት ለግማሽ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣም ሰርቨሩ ላይ የሚወርደው ጥያቄ በአንዴ ነው። የደንበኛው ፕሮግራም መልስ ሲያጣ በየሰከንዱ እንዳይሞክር ተደርጎ ይጻፍ፦ ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8፣ እንዲህ እያለ እስከ 60 ሰከንድ ይርዘም፤ በእያንዳንዱ ላይም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚለይ የዘፈቀደ ጊዜ ይጨመር። ያ የዘፈቀደ ጊዜ ከሌለ ሁሉም እኩል ተኝተው እኩል ይነሣሉ። ፕሮግራሙን ከውጭ የገዛችሁት ከሆነ ይህን ከአቅራቢው ጠይቁ፣ በውል ላይም አስገቡት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ፈትኑት

ለሙከራ ፕሮግራሙን መዝጋት ምንም አያሳይም፤ ከርነሉ ተሰናብቶ ይወጣል። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ መንቀልም ዲስኩን ሊጎዳ ስለሚችል አልመክርም። ይልቅ አንድ የሙከራ ኮምፒውተር አገናኙና፣ ሰርቨሩ ላይ በ«አይፒቴብልስ» የዚያን አድራሻ ፓኬት በመግቢያውም በመውጫውም «ድሮፕ» አድርጉ። ለሰርቨሩ መብራት ከጠፋበት ኮምፒውተር አይለይም። ከዚያ «ኤስኤስ»ን በኦ ፊደል በየ30 ሰከንዱ ተመልከቱ፤ ከታይመሩ መጨረሻ ያለው ቁጥር በየጥያቄው አንድ ሁለት እያለ ሲጨምር ታያላችሁ። አምስት ደቂቃ ሞልቶ ኮኔክሽኑ ከዝርዝሩ ከጠፋ ሠርቷል። ካልጠፋ ወይ ፕሮግራሙ ኪፕአላይቭ አላበራም ወይ ልኮ መልስ ያላገኘለት ዳታ ይዟል፤ የታይመሩ ስም የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። ስትጨርሱ የድሮፕ ሕጉን አንሡ። ሪፖርት በሚገባበት ሳምንት አትሞክሩት።

ከዚህ በኋላ በየአምስት ደቂቃው የእያንዳንዱን ሁኔታ ብዛት ቆጥሮ ፋይል ውስጥ የሚጽፍ አነስተኛ ስክሪፕት በክሮን አስቀምጡ። ከገደቡ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ለተረኛው መልእክት ይላክ፤ 100 ከሆነ በ75። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቁጥሮች ካያችሁ በኋላ የሰጠኋችሁን ጊዜዎች ለመስመራችሁ እንዲስማሙ አስተካክሏቸው፤ ለወረታ ሜዳ የሚበቃው ከጉና ትከሻ ላይ ላለ ቢሮ ላይበቃ ይችላል።

የቀየራችሁትን እያንዳንዱን ቁጥር፣ የቀድሞውን ቁጥር፣ ቀኑንና ምክንያቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ በሚታይ ቦታ ለጥፉ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተረኛ የሚሆነው ሌላ ሰው ነው፤ ሪስታርት ከማድረጉ በፊት የሚያነበው ነገር ተዉለት።